ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ ብርዱን ረስቶት ይሆን?

ኅዳር ሲጋመስ በሰሜን ሸዋ ደጋ ሌሊቱ ይከብዳል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን አንሥቶ እስከ መንዝ አምባዎች ድረስ ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፤ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ይሸሻል፤ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። እስከ ጥር በሚዘልቀው በዚህ ወቅት ቤተሰብ የሚሰበሰበው ምድጃ ዙሪያ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ወጥ የሚሠራበትና ቡና የሚፈላበት እሳት ያው የቤቱ ማሞቂያ ነው። በአብዛኛው የደጋ ገበሬ ቤት ለብርድ ተብሎ ለብቻው የሚነድ እሳት የለም። (ባናና ዝተት የመንዝ በግ ጸጉር ውጤቶች መሆናቸውም በአጋጣሚ አይደለም።)

ይህ እውነታ ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በሚደረገው ውይይት ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ምድጃ ሲመዘንና ሲከፋፈል የሚጠየቀው “ስንት እንጨት ይቆጥባል?” የሚለው ነው። “ቤቱን ምን ያህል ያሞቃል?” የሚለው ብዙም አይነሣም። በቆላ ጉድለቱ አያሳስብም፤ እንዲያውም እዚያ ሙቀቱ ከቤት ቢወጣ ይመረጣል። በደጋ ግን ያልተነሣው ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ይዞ ይሄዳል።

“ምርት” በሚል ስም የሚታወቀው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ በአገር ውስጥ የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራ ነው። የሚመረተው ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሲሆን፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚዘጉ ቁርጥራጮች፣ ከኋላ ደግሞ ጭሱ የሚያልፍበትና ድስት የሚጣድበት ክፍል አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከሸክላ የሚሠራው ጎንዚዬ፣ ለድስት የተዘጋጀው ትክክልና ለከሰል የሚሆነው ላቀችም የዚሁ ጥረት ፍሬዎች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የተሻሻሉ ምድጃዎችን ማስፋፋት ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል። በአገሪቱ ከ10 ቤተሰቦች 9 ያህሉ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰልና በመሳሰሉት መሆኑ፣ ከቤት ማገዶም ከግማሽ የሚበልጠው ለእንጀራ መጋገሪያ መዋሉ ሲታሰብ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደን ይተርፋል፤ እንጨት የሚሸከሙ እናቶችና ልጃገረዶች ጀርባም ያርፋል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ወደ ምጣዱ ወይም ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት ከ10 እጅ አንዱ ገደማ ነው። የቀረው “ባከነ” ተብሎ ይመዘገባል። ነገር ግን የጭስ ማውጫ በሌለው የደጋ ቤት ባከነ የተባለው ሙቀት የት ሄደ? ጥቂቱ በሣር ክዳኑ ቀዳዳ ይወጣል፤ ብዙው ግን ወደ ግድግዳው፣ ወደ መደቡ፣ ጋቢ ተከናንበው እሳት ዳር ወደ ተቀመጡት አያትና የልጅ ልጆች ነው የሄደው። በመዝገቡ ላይ ብክነት የሆነው ነገር በቤቱ ውስጥ አገልግሎት ነው። ማገዶውን በግማሽ የሚቀንስ ምድጃ ወደ ቤቱ የሚገባውን ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዚህ የሚያመልጥ የምድጃ ዓይነት የለም፤ ያልነደደ እንጨት አያሞቅም።

እንግዲህ አንዲት የደጋ እናት አዲሱን ምድጃ ተቀብላ ሦስቱን ጉልቻ ጓዳ ውስጥ እንዳሉ ብትተዋቸው፣ ቀን በአዲሱ ጋግራ ማታ በአሮጌው እሳት ብታነድ፣ ጉዳዩ “የግንዛቤ እጥረት” ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ሒሳቧ ትክክል ነው። ጉዳዩ ከጓዳ አልፎ የገንዘብ ጉዳይም ሆኗል፤ ምድጃ ማከፋፈል ዛሬ ከካርቦን ሽያጭ ጋር ተያይዟልና። እ.አ.አ. በ2024 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች በኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ በመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች የተሸጠው የካርቦን ክሬዲት ከእውነተኛው ቅነሳ በ9 እጥፍ ያህል ተጋኖ ማግኘቱን አሳይቷል። ከምክንያቶቹ መካከል አዲሱ ምድጃ ምን ያህል በሥራ ላይ እንደዋለና አሮጌው ምን ያህል አብሮት እንደቀጠለ በትክክል አለመቆጠሩ ይገኝበታል። የተከፋፈለ ምድጃ ሁሉ የሚነድ ምድጃ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ሦስት ጉልቻ ይመለስ ማለት አይደለም። ያ እሳት ሙቀቱን የሚሰጠው ከጭሱ ጋር ነው። የቤቱን ማገር ያጠቆረው ጥቀርሻ በእናቲቱና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥም አለ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.አ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ በጤናም በግብርናም ዘርፍ የሚሰጠው ምክር አንድ ሆኖ ቆይቷል፦ ማእድ ቤቱን ከመኖሪያ ቤቱ ለዩት። ምክሩ ትክክል ነው፤ በደጋ ግን ግማሽ ምክር ነው። እሳቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ብርዱ እቤት ይቀራል።

አደገኛው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጭስ የሌለው ሙቀት የፈለገ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ከሰል ያዞራል። በከተማም ይሁን በገጠር ማምሻውን በማንደጃ የተቀጣጠለ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ለነፋስ መግቢያ የሆነው ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ይደፈናል። ብርዱን ለመከላከል የተደረገው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ምቹ ቤት ይሠራለታል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል በመሆኑ ሰውየው እየተነፈሰ አየር ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍሙ ከቀላ በኋላ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጋዙ የሚወጣው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። በብርድ ወራት አንድ ቤተሰብ ሙሉ በእንቅልፍ ላይ እንዳለ በከሰል ታፍኖ አለፈ የሚል ዜና የምንሰማው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ደጋ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ምድጃ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄዎች አብረው መነሣት አለባቸው፦ ሙቀቱ የት ይቀራል? ጭሱስ በየት ይወጣል? የመጀመሪያው በምድጃው ክብደት ይወሰናል። ስስ የብረት ምድጃ ቶሎ ይግላል፤ እሳቱ ሲጠፋ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከጭቃ፣ ከድንጋይ፣ ከሸክላ ወይም ከሲሚንቶ የተሠራ ወፍራም ምድጃ ደግሞ ለመሞቅ ይዘገያል፤ የጠጣውን ሙቀት ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቀስ በቀስ ይመልሳል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት የነደደ እሳት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እንዲረዳ የሚፈልግ ሰው ክብደትን መምረጥ አለበት። ማገዶውም ከምድጃው አፍ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ለቀጭን ጭራሮ ተብሎ ጠባብ አፍ የተሠራለት ምድጃ በኩበት ሲሞላ ይታፈናል፤ አመዱም ቶሎ ይደፍነዋል። ዋና ማገዷቸው ኩበት ለሆነ የመንዝ ቤተሰቦች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጭስ ማውጫ ነው። የምርት ምድጃ ቱቦ የሚገጠምለት ዓይነት አለው፤ ቱቦ የሌለው ግን የቀነሰውን ጭስ ያው ወደ ክፍሉ ይለቃል። ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ ከፍ ብሎ ሲቆም ጭሱን ይስባል፤ ዝቅ ካለ ነፋስ ወደ ቤት ይመልሰዋል። በሣር ክዳን ውስጥ የሚያልፍ የጋለ ብረት ቤት ያቃጥላልና ሣሩ ከቱቦው መራቅ፣ ዙሪያውም በማይነድ ነገር መሸፈን አለበት። ጥቀርሻውም በየጊዜው ይጠረጋል። ሆኖም ቱቦ ጭሱን ብቻ ሳይሆን ሙቀትንም ይዞ ይወጣል። የብርድ አገሮች ይህን የፈቱበት መንገድ ለእኛም ትምህርት አለው። በሰሜን ቻይና ካንግ የሚባለው የጭቃ ወይም የጡብ መደብ ከሥሩ ባዶ መተላለፊያ አለው፤ የማብሰያው ምድጃ ጭስ በዚያ ውስጥ ዞሮ መደቡን ካሞቀ በኋላ ነው ከቤት የሚወጣው። ቤተሰቡ የሚተኛው መደቡ ላይ ነው። የኮሪያው ኦንዶልም ወለሉን በዚሁ ዘዴ ያሞቃል። መደብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጭቃውም፣ ድንጋዩም፣ ምድጃው አጠገብ የመተኛት ልማዱም በእጃችን ነው። የጎደለው በመደቡ ሥር የሚያልፍ የጭስ መንገድ ነው። በእርግጥ ይህም ጥንቃቄ ይሻል፤ መተላለፊያው ከተሰነጠቀ ጋዙ በተኙት ሰዎች ሥር ይወጣል። ኮሪያ ውስጥ በኦንዶል ከሰል ማንደድ በተስፋፋበት ዘመን ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞተዋል። ለደጋችን የሚሆን መደብ በባለሙያ ተሠርቶና ተፈትኖ እንጂ በወሬ ሊስፋፋ አይገባውም።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ እንጨት ማንደዱን አልተዉትም፤ የሚለኩበት ሚዛን ግን ከእኛ ይለያል። በአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ለገበያ የሚቀርብ ዝግ የእንጨት ማሞቂያ ምድጃ ከእንጨቱ ኃይል ቢያንስ 65 በመቶውን ለቤት ሙቀት ማዋል አለበት፤ የሚለቀው የደቃቅ ብናኝ መጠንም ገደብ ተቀምጦለታል። የእኛ ፈተና አንድ ኪሎ እንጀራ ለመጋገር ስንት እንጨት እንደሄደ ይመዝናል። ለተሠራበት ዓላማ ትክክለኛ ፈተና ነው፤ የደጋው ምድጃ ግን ሥራው ሁለት ነው።

የምድጃውን ያህል እንጨቱም ይመረጣል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ ሲያተን ይደክማል፤ ቤቱ በጭስ ይሞላል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የወረደ እንጨት ሲሆን አንዱ ኪሎ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ከሚወስደው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ደጋችን ላይ ብርዱ የሚበረታው ክረምቱ በወጣ ማግስት ስለሆነ በመስከረም የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ለታኅሣሥ አይደርስም። በበጋ ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ ክረምቱን ከዝናብ ተከልሎ መክረም አለበት። ጣሪያም እንዲሁ ነው። ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተሸጋገረ ቤት ኮርኒስ ከሌለው ምድጃው የሰጠውን ሙቀት ቆርቆሮው ለሰማይ ያስረክባል፤ በዚህ ቤት ምድጃ ከመቀየር ኮርኒስ ማስመታት ሊቀድም ይችላል።

ኤሌክትሪክስ? የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ብዙ ተስፋ ሰጥቷል። መስመሩ በደረሰበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱንም ሸክሙንም ያስቀራል። ነገር ግን ምጣዱ ከእንጨት ሲላቀቅ የምሽቱ እሳትም አብሮ ይጠፋል። ያ ቤት ሌላ ማሞቂያ ካልተዘጋጀለት በታኅሣሥ ማታ ማንደጃው ከደጅ ወደ መኝታ ክፍል መግባቱ አይቀርም።

የክልሉ የኢነርጂና የግብርና ተቋማት ምድጃ ሲያስፈትኑ አንድ ነገር ቢጨምሩ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። ምድጃው በተተከለበት የደጋ ቤት ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ቴርሞሜትርና የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ማስቀመጥ፤ እሳቱ በጠፋ በየሰዓቱ መመዝገብ፤ ጉልቻው ተነሥቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነም ማየት። ውጤቱ ከማገዶ ቁጠባው ጎን ቢጻፍ ለቆላ የሚሄደውና ለደጋ የሚሄደው ምድጃ አንድ መሆን እንዳለበትና እንደሌለበት ከዚያ ይታወቃል።