ክብደ ሥጋና ሁለት ጎማ

ባለፈው ዓመት በዕለተ ስቅለት፣ በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከምእመናኑ ጋር ስሰግድ ሳለሁ፣ ገና ቀትር ሳይሆን ጉልበቴ ከዳኝ፤ ትንፋሼ አጠረ፤ የልቤም ትርታ በጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ጀመር። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ አንድ አዛውንት «ኪርያላይሶን» እያሉ ግንባራቸውን ከምድር ሲያገናኙና መልሰው ሲነሡ፣ ሲወድቁና ሲነሡ፣ እስከ ሠርክ ድረስ ስመለከት ዋልሁ። ያን ጊዜ 46 ዓመቴ ነበረ፤ ክብደቴም 112 ኪሎ። ሐኪሜ የደም ግፊቴን እየለካ ብዙ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ምክሩ በጆሮ ገብቶ በጆሮ የሚወጣ ሆኖ፣ የዚያን ዕለት መቀመጤ ብቻ ከልቤ ደረሰ።

በአገራችን ሰው ሲወፍር «አማረብህ፣ ተመችቶሃል» ይባላል። ይህን ምርቃት አልነቅፈውም፤ ረኃብ በየጊዜው በሚጎበኘው ምድር ላይ የተወለደ፣ የወዳጅን ደኅንነት በጉንጩ ሙላት የሚመረምር የፍቅር ቃል ነውና። ሆኖም ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከቢሮ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ማዕድ ለሚመላለስ ሰው ያው ምርቃት እንደ መጋረጃ ሆኖ ሕመሙን ይሸፍንበታል፤ እኔም በየዓመቱ ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ ባሰፋሁ ቁጥር የሚያመሰግነኝ እንጂ የሚገሥጸኝ ስላልነበረ፣ ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሁኔታ አለፈ።

ሃያ ሰባት ዓመት የምለው ከብስክሌት ከተለየሁበት ጊዜ ጀምሬ ስቆጥር ነው። ሐዋሳ ከሐይቋ ዳር ተዘርግታ የተኛች ሜዳ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ብትሆንም ዳገቷ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በልጅነታችን ብስክሌት የሌለው ልጅ እንኳ በሰዓት ተከራይቶ ይነዳ ነበር። ኮርቻው ከደረታችን ስለሚበልጥ አንድ እግራችንን በብረቱ መካከል አሾልከን፣ ሰውነታችንን አጣመን ፔዳሉን እየመታን ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ ባለው ጎዳና በዛፎች ጥላ ሥር ስንበር፣ ከሐይቁ የሚመጣው የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ፊታችንን ይቀበለን ነበር። ከዚያ ትምህርት መጣ፤ ከትምህርት በኋላ ሥራ፣ ከሥራ በኋላ መኪና።

የዚያው ዓመት የዳግም ትንሣኤ ሳምንት ካለፈ በኋላ ብስክሌት ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ክብደቴን ዐይቶ ምንም ሳይጠይቀኝ ለቀጭን ጎረምሳ የምትሆነውን ሰጠኝ፤ በሦስተኛውም ሳምንት የኋላ ጎማዋን ከመካከሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ሁለቱ ተሰበሩ። እየገፋሁ ወደ ጎሚስታ ወሰድኋት። ጎሚስታው፣ ዕድሜው ሃያ የማይሞላ ወጣት፣ ጎማውን አሽከርክሮ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ለእርስዎ 36 ዘንግ ያለው ቸርኬና ወፈር ያለ ጎማ ነው የሚያስፈልግዎት» አለኝ። ከነጂው ክብደት የሚበልጠው እጅ በኋላ ጎማ ላይ እንደሚያርፍ፣ አየሩ የላላ እንደ ሆነ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋይ መካከል ተቆንጥጦ እንደሚቀደድ፣ ስለዚህ በየሳምንቱ እየመጣሁ እንዳስነፋ፣ ግሪስ የነካ እጁን ሳይጠርግ በትዕግሥት አስረዳኝ። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ያለኝን ቃል ግን ከሁሉ አብልጬ ይዤው ሄድሁ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ዳንሎፕ፣ የትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በኮረኮንች ላይ ሲነዳ እንዳያንገጫግጨው ብሎ በአየር የተሞላ ጎማ እንደ ሠራ ካወቅሁ ወዲህ፣ መንፊያውን በያዝሁ ቁጥር ነገሩ ያስደንቀኛል፤ ለሕፃን የታሰበው ርኅራኄ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ጎልማሳ በእፍኝ አየር ላይ ያስቀምጣልና።

የመጀመሪያው ማለዳ ከሰባት ደቂቃ አላለፈም። ሁለቱም እግሮቼ መሬት እንዲነኩ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ጀመርሁ። ሚዛኑን ሰውነቴ አልረሳውም ነበር፤ ብስክሌቱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል መሪውን ወደዚያው ወደ ቀኝ ማዞር እንደሚያድን አእምሮዬ ሳያዝዘው እጄ አደረገው። ያልነበረው አዲስ ነገር ፍርሃት ነው። ልጅ ሲወድቅ ይነሣል፤ የቤተሰብ አባት የሆነ ከባድ ሰው ግን ከመውደቁ በፊት ስብራቱን፣ ከሥራ መቅረቱን፣ የሚያዩትን ዓይኖች ሁሉ አስቀድሞ ይቆጥራል። ከሳምንት በኋላ ኮርቻውን ከፍ አደረግሁት፤ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት ብቻ ታጥፎ ሊቀር ይገባዋል፤ አለዚያ ጉልበቱ ራሱ ይታመማልና። የመቀመጫ ሕመም ነበረ፤ በሁለት ሳምንት አለፈ።

ሩጫን አስቀድሜ ሞክሬው ነበር። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደቱ የሚበልጥ ጫና በቁርጭምጭሚቱና በጉልበቱ ላይ ያወርዳል፤ ብስክሌት ግን ሸክሙን ራሷ ተሸክማ እግርን ለመግፋት ብቻ ነጻ ታወጣዋለች። ስለዚህም እንደ እኔ ያለ ሰው በሜዳ ላይ ከቀጭኑ ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። ዳገት ሲመጣ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን የማርሽ ጥርስ መርጦ፣ አብሮ ከሚሄድ ሰው ጋር መነጋገር እስከሚቻልበት ድረስ ብቻ መድከም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እኔ አምስት ማለዳ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ በመንዳት እሞላዋለሁ። ዛሬ 105 ኪሎ ነኝ። ሐኪሜ ደስ ብሎታል፤ መድኃኒቱን ግን አላስተወኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከሥጋው ድካም ይልቅ የከበደኝ የማዕረግ ነገር ነው። አንዲት ጎረቤታችን «ምነው ልጄ፣ መኪናህን ሸጥኸው እንዴ?» ብለው በእውነት አዝነው ጠየቁኝ። የሥራ ባልደረባዬም «በአንተ ደረጃ ላለ ሰው አይገባም» አለኝ። ብስክሌት የልጅና የድኻ ናት የሚለው አስተሳሰብ በመካከላችን መቼ እንደ ገባ እንጃ፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ የላከቻቸው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር፤ አበበ ቢቂላ በሮም ከመሮጡ አራት ዓመት አስቀድሞ እነ ገረመው ደንቦባ የአገራቸውን ስም በሁለት ጎማ ላይ ይዘው ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ ክብር ባለበት መሣሪያ ላይ አንድ የቢሮ ኃላፊ ቢቀመጥ ከማዕረጉ ምን ይጎድላል? ከተሞቻችንም ለዚህ ሰው ቦታ ሊሰጡት ይገባል፤ የመንገዱን ዳር የቆመ መኪና፣ የፈሰሰ አሸዋና የተከመረ ጠጠር በያዘው ቁጥር ብስክሌተኛው ወደ መካከል፣ ወደ ባጃጁና ወደ ጭነት መኪናው ይገፋል፤ ገና በፍርሃት የሚጀምር ጎልማሳ ደግሞ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

በሐዋሳ ያለው የታቦር ኮረብታ ዳገት ግን እስካሁን አልተቻለኝም። ከእግሩ ተነሥቼ እኩሌታ ያህል እወጣና ትንፋሼ ሲያጥር ወርጄ እገፋለሁ። ባለፈው እሑድም እንዲሁ መሪውን ይዤ ስገፋ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በመንገዱ ዳር ቆመው አሳለፉኝና «በርታ ልጄ፣ ቀስ እያልህ» አሉኝ፤ እኔም «አሜን እናቴ» ብዬ፣ አንድ እጄን ከኮርቻው ላይ ሳላነሣ መግፋቴን ቀጠልሁ።