ሐረርን የተወው ሐዲድ

በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር፣ የቀትሩ ሐሩር በረድ ብሎ ሰው ከየቤቱ ወደ ጎዳናው ዛፎች ሥር በሚወጣበት ሰዓት፣ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከውጭ አገር የመጣው የእህቴ ልጅ ሻንጣውን ከፍቶ፣ እኛ ከምናውቀው ከባለ ኀምሳ ሁለቱ ፈጽሞ የተለየ፣ ሥዕልና ጽሕፈት የሞላበት ካርታ በጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስምንት ሰዎች በተጋጠሙበት የሰፈር ውድድር ገብቼ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፌ ወጣሁ። ካርታ በአገራችን የቁማር ስም ስለ ተሸከመ፣ ስለ እርሱ በጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ነውር ይመስል ይሆናል፤ ሽንፈቴ ያስተማረኝ ግን ስለ መምረጥ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ።

ጨዋታው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ይባላል፤ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ፈልስፎት እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ወጣ። ምሥጢሩም ተጫዋቹ የታደለውን ብቻ የሚጫወት ሳይሆን፣ ከሰበሰባቸው ካርታዎች መካከል አስቀድሞ መርጦ፣ ከ60 የማያንስ የራሱን ጥቅል አዘጋጅቶ የሚቀርብ መሆኑ ነው። ኀይል የሚገኘው «መሬት» ከሚባሉት ካርታዎች ሲሆን፣ በአንድ ተራ የሚወርደው መሬት በሕጉ 1 ብቻ ስለ ሆነ፣ ዋጋው 6 የሆነ ግሩም ካርታ በተለመደው አካሄድ ከስድስተኛው ተራ በፊት ከእጅ አይወጣም።

እኔ ግን በትዕቢት ታውሬ፣ ዐይኔ ያማረውን ዘንዶና ንጉሥ ሁሉ ሰብስቤ፣ ቦታ ሲጠበኝ መሬቱን ወደ 17 ዝቅ አደረግሁት። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ከ60 ውስጥ 17 መሬት ያለው ሰው መጀመሪያ በሚይዛቸው 7 ካርታዎች መካከል በአማካይ 2 መሬት እንኳ አይሞላለትም፣ 24 ያለው ግን ወደ 3 ይጠጋል። ዘንዶዎቼ በእጄ ላይ ተኮልኩለው ሲተያዩ፣ የጎረቤቴ ልጅ ዋጋቸው 1 እና 2 በሆኑ ጥቃቅን ካርታዎች 20ውን የሕይወት ነጥቤን ነጥብ በነጥብ ጨረሰችው። የእህቴ ልጅ ጥቅሌን አገላብጦ «አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ዘንዶ ማን ይቀልብልዎታል?» አለኝ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ፖል ስላይ የተባለ ተጫዋች፣ ሌላው የናቃቸውን ርካሽ ካርታዎች በዋጋ ቅደም ተከተል አሰልፎ በአንድ የማጣሪያ ውድድር 2ኛ እንደ ወጣ አጫወተኝ።

ያማረውን የመተውን ነገር ለማስተዋል ከከዚራ መውጣት አያስፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው፤ ሐረር የምሥራቁ ንግድ አውራ ነበረችና፣ በአሁኑ አነጋገሬ ከእጅ የማትጣል ካርታ ነበረች። ነገር ግን ተራራውን መውጣት እጅግ አድካሚና ውድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መንገዱ ሐረርን ትቶ በቆላው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1902 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስም ጣቢያይቱ «አዲስ ሐረር» ተባለች። እኛ ድሬዎች እንግዲህ የተጣለች ካርታ ያስገኘችን ነን። መተው ብቻውን እንደማያድን ግን መሸሸግ አይገባም፤ ሐዲዱን የዘረጋው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1907 ከስሮ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ እጅ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

ስለ መምረጥ ካነሣን፣ በጥንቱ የሰንጠረዥ ጨዋታ «ወረራ» የሚባል የመክፈቻ ሥርዓት ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ ሠራዊቱን ያሰልፋል። በዚያ ግን ሰው የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ ያስተካክላል፤ ጥቅል የሚሠራ ሰው ብቻውን በሌሊት ተቀምጦ፣ ያላየውን ጠላት እየገመተ ይመርጣል፤ ስለዚህም የልቡ ምኞት ያለ ተቃዋሚ ይናገራል። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ብርቱውን ካርታ ሁሉ የሚገዛ ሰው ያሸንፋል የሚለውን የብዙዎች ሐሳብ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡ ምኞቱን ያበዛለት እንደ ሆነ እንጂ መሬቱን አያበዛለትም።

በማግሥቱ ዘንዶዎቹን አውጥቼ መሬቱን 24 አደረስሁት፣ ሁለት ግጥሚያም አሸነፍሁ። አንዱን ዘንዶ ግን፣ ቀይ ክንፉ ስለ ማረከኝ፣ ማውጣት አልሆነልኝም፤ ልጁ እስኪሄድ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አላወረድሁትም።