የቡድኑ ባለቤትና ያቺ ትንሽ እብጠት



ሲያትል የሚኖረው የልጅ ልጄ ባለፈው እሑድ በስልክ ደውሎ፣ የሲሃውክስን ማሊያ ለብሶ አሳየኝ። «እማማ፣ የዚህ ቡድን ባለቤት የነበረው ማይክሮሶፍትን የመሠረተው ሰውዬ ነው እኮ!» አለኝ። ታሪኩን አስነበበኝ። እሱን የገረመው ሀብቱ ነው። እኔን ግን፣ የነርስ ነገር ሆኖ፣ ሕመሙ ያዘኝ።

ሰውየው ፖል አለን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያው ሲያትል ተወለደ። አባቱ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምክትል ኃላፊ፣ እናቱ አስተማሪ ነበሩ። በ1968 የተማሪ ቤቱ እናቶች ያገለገሉ ዕቃዎች ሸጠው ባገኙት ገንዘብ፣ በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ለልጆቹ አስገቡ። ፖልና ቢል ጌትስ የተዋወቁት እዚያ መሣሪያ ዙሪያ ነው። በ1975 ሁለቱ ማይክሮሶፍትን መሠረቱ።

በ1982፣ በ29 ዓመቱ፣ ሰውነቱን ያሳክከው ጀመር። ቆይቶም አንገቱ ላይ ትንሽ እብጠት አገኘ። ሲመረመር ሆጅኪን የሚባል የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ሆነ። በጨረር ታክሞ ዳነ። በ1983 የኩባንያውን ሥራ ተወ፤ አክሲዮኑን ግን አልሸጠም።

ከዚያ በኋላ የኖረውን ዕድሜ እዩልኝ። በ1988 የፖርትላንድ ትሬይል ብሌዘርስን የቅርጫት ኳስ ቡድን በ70 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ1997 ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ወደ ካሊፎርኒያ ሊወስደው አስቦት የነበረውን ሲሃውክስን ገዝቶ ለከተማው አስቀረ። ልጅ ሳለ አባቱ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ጨዋታ ያሳዩት ነበርና፣ ፍቅሩ ከዚያ የመጣ ነው። በ2014 ቡድኑ የአሜሪካን ትልቁን ዋንጫ አነሣ። በ2009 ሌላ ዓይነት የሊምፍ ካንሰር ያዘው፤ ያም ተመልሶበት በ2018 በ65 ዓመቱ ዐረፈ። ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ 36 ዓመት ኖሯል። ሁለቱም ቡድኖች፣ ዋንጫውም ከዚያች እብጠት በኋላ የመጡ ናቸው።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት የጎረቤቴ ልጅ፣ የ19 ዓመት ወጣት፣ «ሲስተር፣ ይቺን እዪልኝ» ብሎ አንገቱን አሳየኝ። ዳበስኳት፤ አታመውም። «ንፍፊት ናት፣ ትጠፋለች» ብዬ ሸኘሁት። ከአራት ወር በኋላ እናቱ ሌሊት ሌሊት ላብ አንሶላውን እንደሚያርሰው፣ ቀበቶውም እንደሰፋው ነገሩኝ። ያው በሽታ ነበር። ተመስገን፣ ታክሞ ድኗል፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። እነዚያ አራት ወራት ግን አሁንም ይቆጩኛል። ያላመመው እብጠት አታሎኝ ነበር።

ስለዚህ ልብ በሉ። አብዛኛው የአንገት እብጠት ከጉሮሮ፣ ከጥርስ ወይም ከጆሮ ቁስለት የሚመጣ ነው፤ ቁስለቱ ሲድን ይጠፋል። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከጠነከረ ወይም እያደገ ከሄደ፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ክሳት ከተጨመረበት፣ ሐኪም ይየው። ቲቢም ሊሆን ይችላል፤ እሱም መድኃኒት አለው። አታሹት፣ አታስበጡት። ሐኪሙ ናሙና እንውሰድ ሲል «ቢላዋ ከነካው ይብስበታል» ብላችሁ አትሽሹ፤ በሽታው የሚለየው በዚያው ነው። ሆጅኪን ደግሞ በጊዜው ከተደረሰበት በደንብ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው።

ወጣት ደግሞ አይናገርም። ሸሚዙን ስታስተካክሉለት፣ ፀጉሯን ስትሠሩላት፣ እጃችሁ አንገታቸው ላይ ትንሽ ይቆይ። እኔም ለልጅ ልጄ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት፣ «እስቲ ማሊያህን ዝቅ አድርግና አንገትህን አሳየኝ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አሳየኝ።

ሳምንት ያገናኘን።