ከባድ መኪናው ከወለንጪቲ ከመውጣቱ በፊት

ከአዳማ ወደ መተሐራ የሚወርደው መንገድ ወለንጪቲን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። የቦሰት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ የምትተዳደረውም የምትታፈነውም በዚሁ መንገድ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ አዳማ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ጂቡቲ የሚመላለሰው ተሳቢና ቦቴ ከአውቶቡሱና ከባጃጁ ጋር አንዱን አስፋልት ተጋርቶ በሱቆችና በምግብ ቤቶች ደጃፍ ይሄዳል። አሽከርካሪው እዚያው ይመገባል፤ ጎማውን ያስነፋል፤ አንዳንዴም ሞተሩን ሳያጠፋ ቡናውን ጠጥቶ ይነሣል። መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ለምትውለው ሴት ገቢዋም የምትስበው ጭስም ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ።

ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች አየር የሚካሄደው ምርምር ግን በአመዛኙ ከአዲስ አበባ አይወጣም። ለዚህም ምክንያት አለው፤ መለኪያው የነበረው እዚያ ነው። ተመራማሪዎች በነጻ ሲጠቀሙበት የቆዩት የአሜሪካ ኤምባሲ የደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5) መረጃ እንኳ በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ መሠራጨቱ ተቋርጧል። መረጃ ባለበት ቦታ ጥናት መሥራት የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስወቅሰው የአዲስ አበባን አኃዝ ይዞ ስለ «ኢትዮጵያ ከተሞች» መደምደም ነው።

በአየር ውስጥ ያለው የብናኝ ክምችትና የሰው ተጋላጭነት አንድ አይደሉም። ተጋላጭነት ሰውየው የት፣ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ይጠይቃል፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ የሚናገረው በመጀመሪያ ስለ ጣሪያው ነው። ያቺ ቡና ሻጭ ማለዳ በማገዶና በኩበት እንጀራ ጋግራ ወጥታ፣ ልጇን አዝላ እስከ ምሽት አስፋልቱ ዳር ከዋለች፣ የቀኗ ድምር በየትኛውም የከተማ አማካይ ውስጥ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የፒኤም 2.5ን ዓመታዊ ወሰን በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱን ደግሞ ከ25 ወደ 15 ዝቅ አድርጓል። ማገዶ በሚነድበት ዝግ ማድቤት ውስጥ ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት የሚኖረው ክምችት በመቶዎች የሚቆጠር ነው።

«ይህ የስምጥ ሸለቆ አቧራ ነው፤ ድሮም ነበረ» የሚለው መከራከሪያ በከፊል እውነትነት አለው። በአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 204 ሜጋ ዋት እንዲተከል ያስቻለው ነፋስ፣ በበጋ ያንን ልል የእሳተ ገሞራ አፈር ያነሣል። ነገር ግን በነፋስ የሚነሣው አቧራ በአብዛኛው ሻካራ ብናኝ ስለሆነ ብዙው በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ግን በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮሜትር በታች በመሆኑ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ መድቦታል። በዚያ ላይ ከአስፋልቱ ዳርና ዳር ያለውን አፈር የሚያቦነው የተሳቢው ጎማ ሲሆን፣ አቧራውን ሙሉ በሙሉ ለተፈጥሮ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ሻካራውን፣ ደቃቁንና ጥቁር ካርቦኑን ለየብቻ ያልለካ ጥናት ክርክሩን እንደነበረ ይተወዋል።

የነፋሱ ነገር ከተነሣ፣ ማመንጫዎቹ ከወለንጪቲ ሩቅ አይደሉም፤ ማድቤቱ ግን አሁንም ይጨሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ዋጋውም ለጉሊት ነጋዴ ቀላል አይደለም፤ መብራት በተቋረጠ ቀን ደግሞ ማገዶው ተመልሶ ይገባል። የመንገዱን ጭስ ለይቶ የሚያጠና ተማሪ የማድቤቱን ካልመዘገበ ውጤቱ ይምታታበታል።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው የአዳማ–አዋሽ የፍጥነት መንገድ ፕሮጀክት ነው። መንገዱ ተጠናቅቆ ከባድ መኪናዎችን ከከተማዋ መሐል ሲያወጣ፣ ለተመራማሪ በዘመን አንዴ የሚገኝ የተፈጥሮ ሙከራ ይፈጠራል። ሙከራው ግን የሚያገለግለው «በፊት» የሚባለው ልኬት ካለ ብቻ ነው። በደብሊን እ.ኤ.አ. በ1990 የከሰል ድንጋይ ሽያጭ ሲታገድ ጥቁሩ ጭስ ከግማሽ በላይ መቀነሱ የታወቀው ከእገዳው በፊት የነበረ መዝገብ ስለተገኘ ነው። የመጀመሪያው ትንታኔ የመተንፈሻ አካልም የልብም ሕመም ሞት ቀንሷል አለ። በኋላ ከሌሎች የአየርላንድ አካባቢዎች ጋር ሲነጻጸር ግን የመተንፈሻው ቅናሽ ጸና፤ የልቡ አልጸናም፤ እርሱ እገዳው ባልደረሰባቸው ቦታዎችም ቀንሶ ነበርና።

ከዚህ ለወለንጪቲ የሚወሰደው ትምህርት አነጻጻሪ ከተማ የግድ መሆኑ ነው። ከጂቡቲ መስመር ውጭ የሆነ፣ በነፋስና በማገዶ አጠቃቀም የሚመሳሰል ከተማ መመረጥ አለበት። ወንጂ ቅርብ ብትሆንም ከመቆረጡ በፊት የሚቃጠለው አገዳ ስላለ አትመችም። ልኬቱም ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት መያዝ ይገባዋል። ርካሽ ሴንሰሮች ለዚህ ይበቃሉ፤ ሆኖም አቧራና እርጥበት ስለሚያሳስታቸው በማጣሪያ ወረቀት ላይ ተሰብስቦ ከሚመዘን ናሙና ጋር ሳይመሳከሩ የሚሰጡት ቁጥር አይታመንም። መጠይቅ ብቻ በትኖ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሳል ነበረብዎ?» ብሎ መመረቅ ከዚህ ይቀላል፤ እንዲህ ያለው ጥናት የበዛውም ስለቀለለ ነው።

መኪናው ሲወጣ ግን ገበያውም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ጭሱ ቀንሶ የቡና ሻጯ ገቢ ከጠፋ፣ ቤቷ ከከሰል ወደ ኩበት ሊወርድና ከመንገዱ የቀነሰው ማድቤት ውስጥ ሊተካ ይችላል። ማይክሮግራሙን ብቻ ቆጥሮ «ተሻሽሏል» የሚል ሪፖርት ግማሽ እውነት ነው፤ ስለዚህ የቤተሰብ ገቢና የማገዶ ዓይነት ከብናኙ ጋር አብረው መመዝገብ አለባቸው።

የጤናውን በኩል ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ጤና ጣቢያዎች ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የሳንባ ምች በየወሩ ይመዘግባሉ፤ ቁጥሩም ወደ ጤና መረጃ ሥርዓቱ ይገባል። መዝገቡ የሕፃኑን ዕድሜና ቀበሌ ይይዛል፤ እናቱ ቀኑን የት እንደምትውል ግን አይጠይቅም። ለጥናቱ ጊዜ ብቻ «አስፋልት ዳር» ወይም «ቤት» የሚል አንድ ዓምድ መጨመር ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በሚደረግ ስምምነት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ መጨመር ያለበትም መኪናው ገና በከተማዋ መሐል እያለፈ ሳለ ነው።