ከሳሽ ያስረዳ

ውድ አንባቢ፤ እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ከዳኛ ወንበር ላይ ይቀመጡና ይህን ክርክር ይስሙ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ተከራካሪው የደቡብ አፍሪካው ሯጭ ኦስካር ፒስቶሪየስ ነው። ሲወለድ ከጉልበቱ በታች አንደኛው አጥንት ስላልነበረው፤ በ11 ወሩ ሁለቱም እግሮቹ ተቈረጡ። ካደገ በኋላ ከካርቦን የተሠራ፤ እንደ ማጭድ የጐበጠ እግር አጥልቆ 400 ሜትር ይሮጥ ጀመር። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2007 ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ላይ አስመረመረው። ውጤቱም፤ በእኩል ፍጥነት ሲሮጥ ከባለ ሙሉ እግር ሯጮች ሩብ ያህል ያነሰ ኀይል ያወጣል የሚል ሆነ። በጥር 2008 ከውድድር ታገደ።

ይግባኙን የሰማው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ግን በግንቦት 2008 እግዱን አነሣ። ምርመራው የተደረገው ሰውየው ፍጥነት ከያዘ በኋላ፤ በቀጥታ መንገድ ሲሮጥ ብቻ ነበርና። ከመነሻው ሲነሣ የሚደርስበት ችግር አልተመዘነም። ጥቅሙን ቈጥሮ ጉዳቱን የተወ ሚዛን ምን ሚዛን ይባላል?

በ2012 በሎንዶን ኦሊምፒክ ፒስቶሪየስ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ የመጨረሻ ወጣ። በዚያው ሩጫ የቀደመው የግሬናዳው ኪራኒ ጄምስ ግን የደረት የስም ጽሑፉን ከእርሱ ጋር ተለዋወጠ። ሰውየው በ2013 በፈጸመው ነፍስ ግድያ ኋላ ታስሮ ነበር፤ ይህ ግን የሌላ ችሎት ጉዳይ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ይስሙ። በ2015 ማኅበሩ ደንቡን ገለበጠውና፤ ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሯጭ ትርፍ ጥቅም አለማግኘቱን ራሱ ያስረዳ አለ። አሜሪካዊው ብሌክ ሊፐር ይግባኝ ቢል፤ ያው ፍርድ ቤት በ2020 ሁለት ነገር ፈረደ። አንደኛ፤ የማስረዳቱን ሸክም በአካለ ጉዳተኛው ላይ መጫን ሕገ ወጥ ነው። ሁለተኛ፤ ማኅበሩ ራሱ አስረድቶአል፤ እነዚያ እግሮች በተፈጥሮ ሊኖረው ከሚችለው ቁመት በላይ ስላስረዘሙት ብልጫ ሰጥተውታል። ሊፐር ተረታ።

«ታዲያ ምን ተጠቀመ? ያው ተከለከለ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። በቢሮ የሚውሉ ከሆነ መልሱን ያውቁታል። «ጥፋት እንደሌለብህ ማስረጃ አምጣ» የተባለ ሰው ከየት ያመጣል? ጥፋቱ ተቈጥሮ የተነገረው ግን፤ ቢረታ እንኳ የተረታበትን ያውቃል፤ ሊያርመውም ይችላል።

በጐኑ የሚሮጠውንም አንርሳ። እርሱም ዓመታት የደከመ የሰው ልጅ ነው፤ ድካሙን በመሣሪያ ብልጫ ቢነጠቅ ግፍ ነው። እንግዲህ ማዘን ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ መጠርጠርም ብቻውን ፍርድ አይሆንም። እግሩ ከነጥቅሙ ከነጉዳቱ ይለካ፤ ከሳሽም ያስረዳ። ከዚያ በኋላ የሚወድቀው ፍርድ ቢመርም ይዋጣል።