በመድኃኒት ያልጎደለ እብጠት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን በሌላ በሽታ መልክ ራሱን የሚደብቅ ሕመምም መኖሩን መዘንጋት አይገባንም።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር የልጅ ጉሮሮ ሲያብጥ አንዳንድ ወላጆች ወደ እንጥል ቆራጭ ይሮጣሉ። እኛም ጤና ሠራተኞች አንዳንድ ጊዜ መድኃኒት በመድኃኒት ላይ እንደርባለን። እርግጥ አብዛኛው እብጠት ከተላላፊ በሽታ የመጣ ስለሆነ ይድናል፤ ያልዳነው ግን የንፍፊት ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ዶክተር ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣውን እንዲህ ያለ ዕጢ በ1958 እ.ኤ.አ. ገልጠው ጻፉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚሁ ዕጢ ኤፕስቲን ባር የተባለው ቫይረስ ተገኘ። ይህ ቫይረስ በአብዛኛው ሰው አካል ውስጥ ጸጥ ብሎ ይኖራል። ኩላሊት ወይም ጉበት በተተከለለት ልጅ ላይ ግን የሰውነት መከላከያው በመድኃኒት ስለሚደክም፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ እንዲባዙ ያደርጋል። ምልክቱም ትኩሳት፣ የቶንሲል እብጠትና ንፍፊት ስለሆነ ተራ የጉሮሮ ሕመም ይመስላል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ የታዘዘው መድኃኒት በሙሉ ተወስዶ እብጠቱ ካልጎደለ፣ መድኃኒት ከመለዋወጥ ይልቅ ልጁ የእብጠቱ ናሙና ወደሚመረመርበት ሆስፒታል ይላክ። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ከሆነም ምልክቱ እንደታየ ለሐኪሙ ይነገር። ወላጅ ግን መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ የተተከለው አካል ይበላሻልና። መጠኑን የሚቀንስ ሐኪሙ ብቻ ነው።