የሚፈተነው ወረቀቱ ነው እንጂ አንቱ አይደሉም

በዛሬው ዓምዳችን የምናጫውታችሁ በቅርቡ አንድ ምሽት በሞዓዶን ተሰብስበን ስላየነው ሙከራ ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ጉዳይ ቢመስልም፣ የእያንዳንዳችንን ቤት የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ልናካፍላችሁ ወደድን።

አዲስ የገባ ቤተሰብ ጉዳዩ ብዙ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የኩፓት ሆሊም ቶር አለ፤ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ በዕብራይስጥ ተጽፎ በፖስታ የሚመጣ ደብዳቤ አለ፤ ቀን ሳያልፍ መከፈል ያለበት ሂሳብ አለ። በብዙ ቤት ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ የምትዞረው ቋንቋውን ቶሎ የለመደችው የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ናት። እርሷ የረሳች ዕለት ቤቱ በሙሉ ይረሳል።

ይህን ሸክም ለማቃለል ያሰቡ ሁለት የማኅበረሰባችን ወጣቶች አንድ የስልክ መተግበሪያ ለመሥራት ተነሥተዋል። አሳቡ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በየስልኩ ላይ አንድ የጋራ የሥራ ዝርዝር ይኖረዋል። አንዱ የጻፈውን ሁሉም ያየዋል፤ ሥራውን የፈጸመ ሰው ምልክት ያደርግበታል። ወጣቶቹ ግን ኮምፒዩተር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ወረቀት፣ መቀስና እስክሪብቶ ይዘው ወደ ሞዓዶኑ መጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በስልኩ ላይ ሊታይ የታሰበው እያንዳንዱ ገጽ በእጅ በወረቀት ላይ ይሣላል። አንድ ሰው እንግዳውን ተቀብሎ የሚሞክረውን ሥራ ይነግረዋል። ሁለተኛው ሰው «ኮምፒዩተር» ይሆናል፤ እንግዳው የተሣለውን ቁልፍ በጣቱ ሲነካ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ተከታዩን ወረቀት ከፊቱ ያኖርለታል። ሦስተኛው ጥግ ይዞ ያየውንና የሰማውን ይጽፋል፤ ይህን ሥራ ለእኛ ሰጡን። እንግዳው ደግሞ በልቡ የሚያስበውን ሁሉ ጮክ ብሎ እንዲናገር ይለመናል።

መጀመሪያ የተቀመጡት የአምስት ልጆች እናት ነበሩ። አጠገባቸው የ14 ዓመት ልጃቸው ነበረች። «ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ትንሹ ልጅ ሐኪም ዘንድ ቶር አለው፤ አባቱ እንዲወስደው በዝርዝሩ ላይ ያስገቡት» ተባሉ። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት፤ ጣታቸውን አነሡ፤ መልሰው አወረዱት። «እኔ የስልክ ነገር አላውቅም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅቱም እንደለመደችው እጇን ዘረጋች።

ወጣቱ ልጅቱን «ትንሽ ቆዪ» አላትና ወደ እናት ዞሮ፣ «እማማ፣ የሚፈተነው ወረቀቱ ነው እንጂ አንቱ አይደሉም። ያልገባዎት ነገር ካለ እኛ አበላሽተነዋል ማለት ነው። እርሱን እንዲያሳዩን ነው የጠራንዎት» አላቸው።

እናት ጥቂት ካሰቡ በኋላ የመደመር ምልክቱን ነኩ። ትክክለኛው ቁልፍም እርሱ ነበር። ወጣቶቹ ደስ ሊላቸው ሲል እናት፣ «ይህ የሐኪም ቤት ምልክት አይደል? ልጁ የሚሄደው ሐኪም ዘንድ ስለሆነ ነው የነካሁት» አሉ። ቀጥሎ «ዳቦ እንዲገዛ ያስገቡ» ሲባሉ ያንኑ ምልክት አልፈውት ሄዱ። ዳቦን ከሐኪም ምን አገናኘው? እናት ዝም ቢሉ ኖሮ እኛም በመዝገባችን «ቁልፉን ለይተው አውቀዋል» ብለን እንጽፍ ነበር።

ቀጥለው የተቀመጡት ቀደም ብለው እዚህ አገር የገቡ አንድ አባት ናቸው። እናት ያስገቡት ሥራ በእርሳቸው ወረቀት ላይ «ሐኪም፣ 3:00» ተብሎ ታየ። «መልካም፣ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ እወስደዋለሁ» አሉ። በቤቱ ጸጥታ ሆነ። እናት የተናገሩት በአገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እዚህ 09:00 ነው። አባት ያነበቡት ደግሞ በዚህ አገር አቆጣጠር 15:00 ብለው ነው። መካከሉ 6 ሰዓት ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ልጁ ግን ቶሩን ያጣ ነበር። ከእኛ መካከል በዚህ ምክንያት ቶር አምልጦት የማያውቅ ስንት ሰው ይኖራል?

ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀቱን አይተው «በጣም ጥሩ ነው ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ ወጣቶቹ አንድ ነገር ብቻ እንዲሞክሩላቸው ለመኑ። «ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ ማንበብ» የሚል ሥራ በዝርዝራቸው ላይ ነበር። ልጃቸው አንብባ ምልክት እንዳደረገችበት ተነገራቸውና «ኮምፒዩተሩ» ያንን መስመር አነሣው። ሽማግሌው ባዶውን ቦታ አዩና፣ «ደብዳቤው ለእኔ የተላከ ነው። ምን እንዳለ ሳላውቅ ከፊቴ ጠፋ። አለቀ ያለውስ ማን ነው?» አሉ። ይሉኝታ የሸፈነው ነገር የወጣው ሥራው ሲሰጣቸው ነው። በጋራ ዝርዝር ውስጥ ዋናው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ልጅ ስትረዳ ወላጅ ከቤቱ ጉዳይ ውጭ እንዳይሆን።

ሁሉም ነገር ወረቀት ስለነበር ለማረም ቀን አልፈጀም። ወጣቶቹ እዚያው መቀስ አነሡ። ከመደመር ምልክቱ አጠገብ «አዲስ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ሰዓቱ «09:00 / ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ በሁለት ወገን ተጻፈ። ያለቀ ሥራ ከመጥፋት ይልቅ ከታች እንዲቀመጥ፣ ማን እንደፈጸመውም ስሙ እንዲጻፍበት ሆነ። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህን ነው። እርግጥ ወረቀት ሁሉን አያሳይም። ፊደሉ በትንሽ ስልክ ላይ መነበብ አለመነበቡን፣ ስልኩም መፍጠን አለመፍጠኑን ለማወቅ በኋላ በእውነተኛው ስልክ መሞከር ግድ ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በስዊድንና በዴንማርክ ዩቶፒያ በተባለ የምርምር ሥራ ላይ፣ የጋዜጣ ማተሚያ ሠራተኞች ገና ያልተሠራውን የኮምፒዩተር መሣሪያ በካርቶን፣ በወረቀትና በጣውላ ሠርተው ሞክረውታል። ባዶ ካርቶን ላይ የማተሚያ ስም ተለጥፎበት እንደ ማተሚያ ይቆጠር ነበር። ዓላማው ሠራተኞቹ ነገ የሚሠሩበት መሣሪያ በሌሎች ተወስኖ ከመምጣቱ በፊት ቃላቸውን እንዲሰጡ ነበር።

የብዙ ሰው ጊዜ ማባከንም አያስፈልግም። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 ያወጡትን ጥናት መነሻ በማድረግ፣ ኒልሰን በ2000 እንዳስረዳው፣ አንድ ሞካሪ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ያሳያል፤ አምስት ሰዎች ደግሞ 85 በመቶ ያህሉን። ነገር ግን አጠቃቀማቸው የተለያየ ወገኖች ካሉ፣ ከእያንዳንዱ ወገን ሰው መጠራት አለበት። አምስቱም ዕብራይስጥ አቀላጥፈው የሚያነቡ ወጣቶች ቢሆኑ ኖሮ፣ የ3 ሰዓቱን ነገር ማን ያነሣው ነበር?

ስለዚህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ለእንዲህ ያለ ሙከራ ብትጠሩ «እኔ ምን አውቃለሁ» አትበሉ፤ የምትፈለጉት ስለማታውቁት ነገር ጭምር ነው። በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆን፣ ድምፃችሁ ወይም ምስላችሁ ይቀረጽ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተመቻችሁም መተው መብታችሁ ነው። ስትሞክሩ የመሰላችሁን ሁሉ ተናገሩ። ያልገባችሁን ነገር በይሉኝታ «ጥሩ ነው» አትበሉ፤ ለሠሪው ውለታ የሚሆነው «እዚህ ላይ ጠፋሁ» የሚለው ቃል ነው። ልጆቻችሁም መልሱን ቀድመው እንዳይናገሩ በትዕግሥት እንዲቀመጡ ንገሯቸው።

ምሽቱ ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያዋ እናት በታረመው ወረቀት እንደገና እንዲሞክሩ ተጠየቁ። «አዲስ ሥራ» የሚለውን ነኩ፤ ዳቦውን አስገቡ፤ የትልቁን ወንድ ልጃቸውን ስም መረጡ። ማንንም አልጠየቁም። የ14 ዓመቷ ልጅ በዚያን ጊዜ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ወደ በሩ ስንሄድ እናት ሳቅ ብለው፣ «ዳቦውን እንግዲህ እርሱ ይግዛ፤ እርሷ ደክማለች» አሉን።

በሚቀጥለው እትማችን እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ሻሎም።